በየኔታ ጆሮ ልክ የተሠራ ግድግዳ

ሰው ኑሮው ትንሽ ሻል ሲልለት መጀመሪያ የሚያምረው ግድግዳ ነው። አላምን ካላችሁ ዙሪያችሁን እዩ። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት የወረሱ እንደሆነ፣ ሐዘንተኛው ከድንኳኑ ሳይወጣ መሀል ቤቱ ላይ ጭቃ ይቦካል። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እድገት ያገኘ እንደሆነ፣ ከደመወዝ ጭማሪው በፊት የሚጠይቀው የሚዘጋ በር ነው፤ በሩ ከተገኘ በኋላ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ናቸው። ምግብ ቤት እንኳ ስንገባ መጋረጃ ያለበትን ጥግ እንመርጣለን። የምንበላው ያው ሽሮ ነው። እኔም ብሆን ከዚህ ነፃ አይደለሁም፤ ጡረታ በወጣሁ ዓመት አጥሬ ላይ ሁለት ድርድር ድንጋይ አስጨምሬበታለሁ። ከጎረቤቴ ጋር ተጣልቼ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሁሉ ሲያስጨምር ጊዜ ነው።

የግድግዳ ነገር ዛሬ የተነሳብኝ ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ነበር። እናትና አባቷ ሥራ አልመቻቸው ብሎ ወላጅ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ወደ ዓይደር በሚወስደው መንገድ ላይ አዲስ ሕንፃ አሠርቷል። ሕንፃውን የነደፈው ወጣት መሐንዲስ ከፊታችን ቆሞ፣ እጁን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ፣ ክፍሎቹ በግድግዳ እንደማይለያዩ፣ ተማሪው ሁሉ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በየማዕዘኑ ተቀምጦ እንደሚማር፣ ይህም በሠለጠነው ዓለም አሁን ገና የተደረሰበት ዘዴ እንደሆነ አስረዳን። "በከተማችን የመጀመሪያው ነው" ሲል ሳል ያዘኝ። አሮጊት ስትስል ሰው ሁሉ ጉንፋን ነው የሚለው። ከጎኔ የተቀመጠችው ወይዘሮ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችልኝ።

እንግዲህ ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ። አሁን ገና የተደረሰበትን ዘዴ እኔ የጨረስኩት ጣሊያን ከሀገር በወጣ ማግስት፣ እዚሁ መቀሌ ነው።

አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ሆነው ከሸዋ ወደ መቀሌ ሲመደቡ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቤታችን ትግርኛ የሚያውቅ አልነበረም፤ እናቴ ገበያ የምትሄደው በእጇ እያመለከተች ነው። ትምህርት ቤት ተከፍቷል ሲባል አባቴ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። የደረስነው አንድ የካሚዮን ጋራዥ በር ላይ ነው። አባቴ መንገድ የተሳሳቱ መስሏቸው ሊመለሱ ሲሉ ከውስጥ ልጆች ሲያነቡ ሰሙ።

ጋራዥ ነበር ስላችሁ ድሮ ጋራዥ ነበር ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ስንማርበትም ጋራዥ ነበር። ጣሊያኖቹ ካሚዮኖቻቸውን ይዘው ሄዱ እንጂ ዘይቱን ትተውልን ነው የሄዱት። ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቀሚሱም ቁምጣውም ጥቁር ማኅተም ይመታበታል፤ ገበያ ላይ ተማሪ የሚታወቀው በቂጡ ነበር። መሀሉ ላይ መካኒኮቹ ገብተው የካሚዮን ሆድ የሚያዩበት ረጅም ጉድጓድ አለ። በሳንቃ ተከድኖ ከሥሩ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። መጻሕፍቱ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ሁሉም ዘይት ዘይት ይሸታሉ። ጥቁር ሰሌዳችን ከመጋዘኑ በር ላይ የተነቀለ ቆርቆሮ ነው። ጠመኔው ሲሄድበት የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያጠርሰኛል።

ዛሬ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ የምንለው መሆኑ ነው። በጦርነቱ ዓመታት ሁሉም ከትምህርት ስለተጓደለ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅና ጢሙን የሚላጭ ጎልማሳ እኩል ጀመርን። ከመብዛታችን የተነሣ ያው አንዱ ክፍል ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ተባለ። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ዓይነት ትምህርት፣ በአንድ ሰዓት ይማራሉ። በመካከላቸው ያለው ያ ሳንቃ የለበሰ ጉድጓድ ብቻ ነው። እኛ ሴቶቹ ሦስት ነበርን። ከወንዶቹ መሀል እንዳንቀመጥ ተባለና ሳንቃው ዳር አስቀመጡን። በስም የግራ ክፍል ነን። ጆሯችን ግን ሁለቱንም ይማራል።

የቀኙ አስተማሪ መምህር ጌታሁን ይባላሉ። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ተምረው እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ብቸኛው የሒሳብ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለነበር መጽሐፉ ከእሳቸው እጅ አይወጣም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ኮሌታቸውን የማይሞላ ሰው ነበሩ። ዛሬ ሳስበው ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፤ አፌ ግን "እሳቸው" ማለቱን አልተወም።

የግራው አስተማሪ መሪጌታ ሐጎስ ናቸው። እኛ የኔታ እንላቸዋለን። የኔታ የእንደርታ ሰው ናቸው፤ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ባሕረ ሐሳቡን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቅ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የሚያስተምሩበት ደብር ተቃጥሎ ደቀ መዛሙርታቸው ተበተኑ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግዕዝና ግብረ ገብ እንዲያስተምሩ ተቀጠሩ፤ ከጋራዡ ጀርባ ያለችው የዘበኛ ክፍልም ለመኖሪያ ተሰጠቻቸው። ሌላ አስተማሪ ሲጠፋ ደግሞ የግራውን ክፍል ሙሉውን ያዙ ተባሉ። ሒሳቡንም፣ ጂኦግራፊውንም። የኔታ በሕይወታቸው "ይህን አላውቅም" ብለው ስለማያውቁ ያን ዕለትም አላሉም።

አሁን ወደ ምሥጢሩ ልግባ። አንድ ቀን መምህር ጌታሁን በቀኝ በኩል የማካፈልን ሥራ እየጮኹ ያስተምራሉ። "ስምንትን እዚህ ጻፉ፣ ከሥሩ..." አሉና ማስነጠስ ያዛቸው። እኔ ሰሌዳችንን እያየሁ ነበር። የየኔታ ጠመኔ ስምንትን ጽፎ አየር ላይ ቆመ። መምህር ጌታሁን አንዴ አነጠሱ፣ ጠመኔው ቆሟል። ሁለተኛ አነጠሱ፣ ጠመኔው ቆሟል። ሦስተኛ ሲያነጥሱ የኔታ ፊታቸውን ሳይመልሱ "ይማርህ" አሉ። ከዚያ በቀኝ በኩል "...ስድስትን ጻፉ" ሲባል በግራ በኩል ስድስት ተጻፈ።

ከጎኔ ያለችው ለተብርሃን ጎኔን ጎሰመችኝ። "አይተሻል?" አለችኝ። አይቻለሁ። የኔታ የሚያስተምሩንን እዚያው በዚያው ከእኛ ጋር እየተማሩ ነው፤ ከእኛ የሚቀድሙት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስታችን ለማንም ላንናገር በዚያው በሳንቃው ላይ ተማማልን። ለምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ መልሱ አጭር ነው። እንወዳቸው ነበር።

እንዳትሳሳቱ፣ የኔታ እንደ ሰሙ አያስተላልፉም። ደንቡን ከወዲያ ይቀበሉና ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ከዚያ በራሳቸው መንገድ ይተረትሩታል። ማባዛትን ያስገባኝ ወረብ ላይ የሚቆሙት ካህናት አሰላለፍ ነው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በሰባት ረድፍ ቢቆሙ ስንት መቋሚያ ያስፈልጋል? ማካፈልን የተማርኩት በበዓል እንጎቻ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ወንዶች በዕረፍት ሰዓት እየመጡ "የኔታ ምን ብለው አስረዱ?" እያሉ ይለምኑን ነበር።

ታዲያ ለምን ከትምህርት በኋላ ጠጋ ብለው መምህር ጌታሁንን አይጠይቋቸውም ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ከሆነ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ረስታችሁታል ማለት ነው። መሪጌታ ሐጎስ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ያስተማሯቸው ልጆች ቀሳውስት ሆነዋል። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ፊት ቁጭ ብለው "አስተምረኝ" አይሉም። መምህር ጌታሁንም አውቀውት እንኳ ቢሆን "ላስተምርዎ" ብለው ሽማግሌ አያሳፍሩም።

ደግሞስ ማወቃቸውን በምን አውቀን? እኛ የምናውቀው መምህር ጌታሁን የሚጮኹ ሰው መሆናቸውን ብቻ ነው። ሲያስተምሩ ጋራዡ ይንቀጠቀጣል። ከግቢው ውጭ እህል የምታሰጣ ጎረቤት እዚያው ሆና የማባዣውን ሠንጠረዥ እስከ ሰባት ድረስ ይዛዋለች። አባቴ አንድ ቀን ሊያነጋግሯቸው መጥተው ሲመለሱ "ሰውየው ደንቆሮ ያሳደገው ይመስላል" አሉ። የሚገርመው ግን የሚጮኹት የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ ለልጆቹ መልመጃ ይሰጡና ድምፃቸው ይጠፋል፤ ወንበራቸውን ወደ ሳንቃው አስጠግተው ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ። እኛ ጉሮሯቸው ስለሚደክም ነው ብለን አልፈነዋል።

በሁለተኛው ዓመት ተቆጣጣሪ መጡ። በማይጨው በኩል በካሚዮን ተሳፍረው ሲደርሱ ቅንድባቸው ድረስ አቧራ ለብሰዋል። በቀኝ በኩል መምህር ጌታሁን ይጮኻሉ፣ በግራ በኩል እኛ በኅብረት እናነባለን። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዳመጡና "ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የሰኞ ገበያ?" አሉ። እውነቱን ለመናገር ሰኞ ገበያ ከእኛ ይልቅ ጸጥ ይላል።

ትእዛዛቸውን ሁላችንም ሰማን፤ ግድግዳ ስለሌለ የማይሰማ ነገር የለም። "በመካከሉ እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግድግዳ ይሠራ። ከፋሲካ በኋላ እመለሳለሁ። ያን ጊዜ እያንዳንዱን አስተማሪ በገዛ ክፍሉ ለብቻው እሰማዋለሁ። ያልቻለውን አሰናብታለሁ።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ረስቼ ስመለስ የኔታን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሰሌዳውን እየጠረጉ ነው። የተጠረገውን መልሰው ይጠርጉታል።

"የኔታ፣ ግድግዳው መሠራቱ ደግ አይደለም" አልኳቸው።

"ግድግዳማ ደግ ነው ጓለይ፤ ንፋስ ይከለክላል" አሉ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡና ሳንቃውን ቁልቁል አዩ። "አንድ ጊዜ ተማሪዎቼ ተበትነውብኛል። ሁለተኛ አልችለውም" አሉኝ።

እቤት ደርሼ አለቀስኩ። እናቴ ማን መታሽ አለችኝ። ግድግዳ አልኳት።

ከሑዳዴ መግቢያ ጀምሮ የወላጆች ወፈራ ተጠራ። እኛ ሸዋዎች ደቦ የምንለውን ነው። ከፊሉ ድንጋይ ያግዛል፣ ከፊሉ ጭቃ ይረግጣል፤ እኛ ሴቶቹ ውኃ እናመላልሳለን። ግንበኛው አቦይ ወልዱ ነበሩ። አቦይ ወልዱ በከተማው ያልጠረቡት ድንጋይ የለም ይባልላቸዋል፤ ያለ ቱንቢ በዓይናቸው ብቻ ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚያቆሙ ሰው ነበሩ። ግድግዳው ከሳንቃው ዳር ተነሥቶ ወገብ ሲደርስ መምህር ጌታሁን መጡና ጠጋ አሏቸው። እኔ እንስራዬን እያወረድኩ ነበር።

"አቦይ ወልዱ፣ ከትከሻ በላይ እንዳይሄድ" አሉ መምህር ጌታሁን።

አቦይ ወልዱ መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ኣይፋል ወደይ፤ የለም ልጄ። እስከ ጣሪያ ነው የተባለው። ደግሞ እኔ ሳልጨርሰው የቀረ ግድግዳ የለኝም። ሰብ እንታይ ክብል? ሰው ምን ይላል? ወልዱ ሞቶ ነው ያልጨረሰው ይሉኛል፣ ቁሜ እየሄድኩ።"

እዚህ ላይ የእኛን ከተማ ግንበኛ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ ሥራ ቢቀንስለት ደስ የሚለው ሠራተኛ ሞልቷል። መቀሌ ላይ ግንበኛን እዚህ ላይ አቁም ካላችሁት ሰደባችሁት ማለት ነው። መምህር ጌታሁን ስለ አየር ተናገሩ፣ ስለ ብርሃን ተናገሩ፤ አቦይ ወልዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ መምህር ጌታሁን ያን የሚያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ እንኳ በጭንቅ እንድሰማው አድርገው፣ "አቦይ፣ ከወዲያ በኩል የምጮኽለት ሰው አለ" አሉ።

እንስራዬን መሬት አስቀምጬ ጠጋ አልኩ።

አቦይ ወልዱ ቀና ብለው አዩአቸው። ከዚያ ወደ ግራ፣ የኔታ ወደሚያስተምሩበት ጥግ ዞረው አዩ። የአቦይ ወልዱ አባት የሞቱ ጊዜ መዝሙረ ዳዊቱን የደገሙላቸው የኔታ ነበሩ። "ሕራይ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። "ግን በማን ትከሻ? አንተ ዛፍ ነህ።"

እንዴት እንደተፈታ ልንገራችሁ። አቦይ ወልዱ የኔታን "አንዴ ብቅ ይበሉ" ብለው አስጠሩና ከጅምሩ ግድግዳ አጠገብ አቆሟቸው። ሲባጎ አወጡና ከመሬት እስከ ጆሯቸው ለኩ። የኔታ በትዕግሥት ቆመው ሲለኩ ቆዩና "ለመቃብር ከሆነ ገና ነኝ" አሉ። "ኧረ እድሜ ይስጥልን፤ ለድንጋዩ ነው" አሏቸው አቦይ ወልዱ። ድንጋይን ከየኔታ ጆሮ ጋር ምን እንዳገናኘው የኔታ አልጠየቁም። የገባቸው ይመስለኛል። ግን ይሉኝታ ካለ የሚገባ ነገርም አልገባም ይባላል።

አቦይ ወልዱ ግድግዳውን በዚያች ሲባጎ ልክ አቆሙት። በተራ ሰው እጅ ቢሆን ያልተጨረሰ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን ሳምንት ሙሉ ከላዩ የሚከደን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲጠርቡ ሰነበቱ። ድንጋዮቹ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ምላጭ አይገባም። ያየው ሁሉ ከመጀመሪያው ይህን ያህል ብቻ እንዲሆን የታሰበ ነው ይላል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበውም። ግድግዳ አጭርም ቢሆን ግድግዳ ነው፤ ድምፅ ይቀንሳል። መምህር ጌታሁን ከበፊቱ እጥፍ መጮኽ ያዙ። ሁለት ሳምንት ጮኹ፣ ሦስት ሳምንት ጮኹ። ፋሲካ አልፎ ተቆጣጣሪው በመጡበት ጧት አንገታቸውን በነጠላ ጠምጥመው ገቡ። አፋቸው ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ጉሮሯቸው ተዘግቷል።

ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ተቀበሉና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ገና ያልደረስንበት ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። መምህር ጌታሁን "እዚህ አልደረስንም" ያሉ ይመስለኛል፤ የሰማቸው ግን የለም። ተቆጣጣሪው በግራ ክፍል እንደሚጀምሩ ነገሩንና ከገጹ አንድ ጥያቄ ሰሌዳችን ላይ ጽፈው ከኋላችን ተቀመጡ። አቦይ ወልዱ ሥራቸው ሲመረመር ለማየት በሩ ላይ ቆመዋል። በሰሌዳችን ላይ የተጻፈው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሢሶና ሩብ ቢደመሩ ስንት ይሆናል?

የኔታ ጠመኔያቸውን አነሡ። ከወዲያ መምህር ጌታሁን እንደ ልማዳቸው ለመጀመር ሞከሩ። የተሰማን ደረቅ ሳል ብቻ ነው። ጠመኔው አየር ላይ ቆመ። ይህን ያህል ጸጥታ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ለተብርሃን እጄን ጨብጣ ይዛኛለች። የኔታ ምን እንደሚጠብቁ የምናውቀው እኛ ሦስታችን ነን፤ ተቆጣጣሪው እርሳሳቸውን አወጡ።

የኔታ ጠመኔውን አወረዱና ወደ እኛ ዞሩ። "ልጆቼ፣ ይህን ገጽ እኔም እንደናንተ ዛሬ ነው የማየው" አሉ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ከኋላዬ የእርሳሱን ድምፅ ሰማሁት።

ከዚያ ጢማቸውን ዳበሱ። "ጌታዬ፣ ሢሶ የምን?" አሉ ወደ ተቆጣጣሪው።

"የምንም ቢሆን ግድ የለም" አሉ ተቆጣጣሪው።

"ግድማ አለው። የምንም ያልሆነ ሢሶ እኔ አላየሁም። ከፈቀዱልኝ የዕለት ይሁን።"

በባሕረ ሐሳብ፣ ጾሙና በዓሉ በሚቀመርበት በቤተ ክህነት ቁጥር፣ አንድ ዕለት ስድሳ ኬክሮስ ይባላል። የኔታ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣሉ። "ይህ ዕለት ነው። ስድሳ ኬክሮስ አለው። ሢሶው ስንት ኬክሮስ ነው?" ሃያ አልን። "ሩቡስ?" አሥራ አምስት አልን። "አያችሁ፣ ሢሶና ሩብ በየስማቸው ሲጠሩ ባዕዶች ናቸው፣ አይደመሩም። ሁለቱንም ወደ ኬክሮስ ስናወርዳቸው ግን የአንድ ቤት ልጆች ሆኑ። እሞ፣ እንግዲህ ሃያና አሥራ አምስት?"

"ሠላሳ አምስት" ያለው የመጀመሪያው ድምፅ ከኋላችን ነው የመጣው። ተቆጣጣሪው ናቸው። ለካስ እሳቸውም በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ቁጥሩ ሳያስቡት አምልጧቸው ፊታቸው ቀላ።

"ሠላሳ አምስት ከስድሳ" አሉ የኔታ። "አምስት አምስት አድርገን ብናሥራቸው ሰባት ከአሥራ ሁለት።" ጻፉት። ቆርቆሮው እንደ ወትሮው ጮኸ፤ የዚያን ቀን ግን ጥርሴን አላጠረሰኝም።

ያን ጊዜ ነው ተቆጣጣሪው ወደ ግድግዳው የዞሩት። የመምህር ጌታሁን ራስና ትከሻ ከግድግዳው በላይ ይታያል። ደብተራቸውን አቦይ ወልዱ በጠረቡት ክዳን ድንጋይ ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ።

"መምህር፣ ክፍልዎን ትተው ምን ይሠራሉ?" አሉ ተቆጣጣሪው።

መምህር ጌታሁን አንሾካሾኩ። ማንም አልሰማም። የኔታ ወደ ግድግዳው ሄዱና ጆሯቸውን አስጠጉ፤ ልኩ የእሳቸው ስለሆነ መንጠራራት አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ዞረው ጮክ ብለው "'እየጻፍኩ ነው' ይላል" አሉ።

"ምኑን?"

የኔታ እንደገና ጆሯቸውን አስጠጉ። ይኼኛው ረዘም አለ። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ። "'ሁልጊዜ የምጽፈውን' ይላል። 'ደንቡን መጽሐፉ ይነግረኛል። ምክንያቱን የምማረው ግን ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ነው፣ ከመሪጌታ' ይላል።" የመጨረሻዋን "ይላል" በደንብ አልጨረሷትም። ከእኛ አጠገብ፣ ዘይት ያለበት ወለል ላይ ቁጭ አሉ።

በግማሽ ክፍለ ጊዜ የሚጠፋው ድምፅ፣ ወደ ሳንቃው የሚጠጋው ወንበር፣ ደብተር ላይ የሚያቀረቅረው አንገት፣ ሁሉም ያኔ ገባኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አስተማሪዎች ተማሪ ነበሩ። እንደ እናንተና እንደ እኔ ሰዎች ስለሆኑ ግን አንዱ ለአንዱ አልተናገሩም።

ተቆጣጣሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሹም ናቸውና አንድ ነገር መቆጣት ነበረባቸው። "ግድግዳው እስከ ጣሪያ አልደረሰም" አሉ።

አቦይ ወልዱ ከበሩ ላይ ሳይነቃነቁ "ጌታይ፣ ግድግዳው አልቋል። ክዳኑን ይዩት" አሉ።

ተቆጣጣሪው በጣታቸው ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱ። እንከን ፈለጉ፣ አላገኙም። ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጽፈው ሄዱ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የኔታን ያሰናበተ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት መምህር ጌታሁን ድምፃቸው አልተመለሰም። ያን ሳምንት ሙሉ የኔታ ጮኹ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በዜማ የሠለጠነ ጉሮሯቸውን ለሁለት ክፍል አካፈሉት። እህል የምታሰጣው ጎረቤታችን ስምንትንና ዘጠኝን የያዘችው ያኔ ነው። ስለ ነገሩ ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ጋራዡ ከዓመታት በኋላ ፈረሰ። በር በሩ የሚዘጋ፣ ለየክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት ትምህርት ቤት ተሠራና ሁለቱ አስተማሪዎች በአንድ ኮሪደር ጫፍና ጫፍ ተመደቡ። የኔታ እስኪያርፉ ድረስ የክፍላቸውን በር ዘግተው አያውቁም ይባላል። ካልዘጉ ይበርድዎታል ሲሏቸው "ብርዱ በጎ ነው" ይሉ ነበር አሉ። እኔም ወጉ ደርሶኝ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተማርኩ። ሢሶና ሩብ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ "የምን?" ብዬ እጀምራለሁ።

አሁን ወደ ስብሰባው ልመለስ። መሐንዲሱ ንግግሩን ጨርሶ ጥያቄ ካለ ሲል እጄን አወጣሁ።

"ልጄ፣ አዳራሹ ክፍት መሆኑ ደግ ነው። አንዱ አስተማሪ ሌላውን ይሰማዋል ወይ?" አልኩት።

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። "እማማ፣ እሱ አያሳስብዎ። ድምፅ የሚውጥ ነገር ጣሪያውም ወለሉም ላይ ገጥመናል። አጠገብ ለአጠገብ ሆነው እንኳ አይሰማሙም" አለኝ። ወላጆቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ብዙ ደክሞበታል፣ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ጊዜ ነው።

ማታ ከልጅ ልጄ ጋር ደብተሯን ስናይ በአዲሱ አዳራሽ የት እንደምትቀመጥ ጠየቅኳት። "ጥግ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ነው፤ ጸጥ ይላል" አለችኝ።

"ነገ ስትሄጂ" አልኳት፣ "ወንበርሽን ትንሽ ወደ መሀል አስጠጊ።"